ጠዋት ምን ጻፍሽ?

ከባለቤቴ ከጴጥሮስ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ተራ ሥራ ብርድ ልብስ ማጠፍ ነው። ቅዳሜ ነበር። ጉለሌ ላይ ክረምቱ ወጣ ሲልና ፀሐይ ስትገኝ ሰው ሁሉ ያለውን ጨርቅ ያሰጣል፤ እኛም ሦስቱን ብርድ ልብስ አጥበን አጥሩ ላይ አውለናቸው ነበር። እሱ ሁለቱን ጫፍ፣ እኔ ሁለቱን ጫፍ ይዘን እየተቀራረብን ስናጥፍ ሬዲዮው ተከፍቷል። አንድ ድምፁ የለሰለሰ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ ብሎ ስለ መርሳት ያስረዳል። ሰው አንድን ነገር ሆን ብሎ መርሳት እንደሚችል፣ የሚረብሽ ሐሳብ በመጣ ቁጥር በሌላ ሐሳብ እየተካ ቢገፋው በጊዜ ብዛት እንደሚደበዝዝለት፣ ይህም ለጤና እንደሚበጅ ይናገራል።

ጴጥሮስ በደህናው ጆሮው ሲያዳምጥ ቆየና ሳቅ አለ።

«አስቱ፣ ይህን ልጅ አንቺ ዘንድ ቢልኩት ጥሩ አድርገሽ ታሠለጥኚው ነበር።»

«በደንብ ያዝ፤ መሬት ነካ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳነውም። ማክሰኞ ጠዋት ልቡ ቆመች።

ስለዚያ ጉዳይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቃል ሳይተነፍስ ኖሮ፣ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው በቀልድ አነሳው። እኔም ስለ ብርድ ልብስ መለስኩለት። ለቅሶ የመጣው ሰው ደግሞ ልክ እንደ ሬዲዮው ልጅ «በርቺ፣ እርሺው፣ ሌላ ሌላውን አስቢ» እያለ ተሰናበተኝ። መልካም ስለመሰላቸው ነው። እኔ ግን መርሳት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተምሬዋለሁ፤ ደመወዝም ተከፍሎኝበታል። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ይህን እጽፋለሁ። ተናድጄ እንደምጽፍም አልደብቅም።

ታይፕ የተማርኩት ንጉሡ ሊወርዱ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀር ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ የቆዳ ነጋዴ ዘንድ ነበር። ሰውየው ደብዳቤውን እየተንጎራደደ ያጽፈኛል፣ ከዚያ «እስቲ አንብቢልኝ» ይላል፣ ሳነብለት በራሱ ቃል ተደስቶ ሻይ ያዝዝልኛል። የጻፍኩትን ማወቅ ያኔ ሥራዬ ነበር። ደርግ ድርጅቱን ሲወርሰው ነጋዴው ወደ ሀገሩ ገባ፤ እኔና የጽሕፈት መኪናዋ አንድ ላይ ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተላክን። ከፍተኛ ማለት ያኔ ብዙ ቀበሌዎችን በአንድ የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ነው። ስለ ሥኳር ራሽንም ስለ ሰው ሕይወትም የሚወስነው ያው አንዱ ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ሁለቱም በእኛ ጠረጴዛ ያልፋሉ።

እዚያ ያገኘኋቸው ትልቋ ጸሐፊ እትዬ እልፍነሽ ይባላሉ። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲጽፉ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው የማይወርድ ሴት ናቸው። የጽሕፈት መኪናቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ በቤንዚንና በመርፌ እያንዳንዱን ፊደል ያጸዳሉ። «ሀ»ዋ ቀለም ጠጥታ ሆዷ ከተደፈነ ደብዳቤው አይወጣም ይሉ ነበር። ካርቦን ሁለት ጊዜ አይጠቀሙም። ቀን የዋለበትን ካርቦን ሁሉ ወደ መውጫ ሰዓት ላይ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጓሮ ወስደው ያቃጥሉታል፤ ካርቦን ወደ ብርሃን ከያዙት ይነበባላ። አመዱንም በእንጨት ያማስሉታል።

በመጀመሪያው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ጠሩኝ።

«አስቴር፣ ጠዋት ምን ጻፍሽ?»

ጎበዝ መሆኔን ላሳያቸው ብዬ፣ «ስለ ጥበቃ ጓዶች ጫማ፣ ከዚያ የቀበሌው የውኃ ቦኖ መበላሸት፣ ከዚያ አንድ ሰው ቤቱ እንዲፈተሽ የሚል» አልኳቸው።

«ወደቅሽ» አሉኝ። «ነገም እጠይቅሻለሁ።»

በማግስቱ «አላውቅም» አልኩ።

«ዓይንሽ ወደ ኮርኒሱ ሄደ። ታውቂያለሽ። እኔን ስትዋሺኝ እስቃለሁ፤ እነሱን ስትዋሺያቸው ግን አይስቁልሽም። አላውቅም እንድትይ አይደለም የምፈልገው፤ እንዳታውቂ ነው።»

ዘዴውን አሳዩኝ። በእጅ የተጻፈውን ረቂቅ በማስመሪያ ይሸፍኑታል፤ አንድ መስመር ብቻ ይገለጣል። ሲያስተያዩም ከመጨረሻው ቃል ጀምረው ወደ ላይ ነው፤ ስሕተት ይታያል፣ ትርጉም አይታይም። የአማርኛ መኪና ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ሁሉንም ፊደል አይዝም፤ መነሻውን መትተሽ እግሩን ወይም ቀለበቱን ትቀጥይለታለሽ። ዓይንሽን እዚያ ላይ ከተከልሽ የሰው ስም ሰው መሆኑ ይቀራል፤ እግርና ቀለበት ብቻ ይሆናል።

ልብ ደግሞ ባዶውን አይቀመጥም፤ ሌላ ነገር መስጠት አለብሽ አሉኝ። እሳቸው በውስጣቸው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ።

«እናንተ ጴንጤዎች ምን ትደግማላችሁ?»

«መዝሙር አለን እትዬ።»

«መዝሙር አይሆንም፤ ከንፈርሽ ይንቀሳቀስና ጓዶቹ ሌላ ጣጣ ያመጡብሻል። ለምሳ የሚገዛውን ቁጠሪ።»

ስለዚህ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ዘይት፣ ክብሪት፣ ጨው እያልኩ ጻፍኩ። ወር ሁለት ወር ሲሞላኝ እትዬ እልፍነሽ ድንገት «ያለፈው ሐሙስ ምን ጻፍሽ?» ሲሉኝ ዓይኔ የትም አይሄድም ነበር። ሐሙስ ዕለት የጻፍኩት የለም። አለፍኩ። እሳቸው ከቦርሳቸው አንድ ብርቱካን አውጥተው ሰጡኝ።

ይህ ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ ከከፍተኛው አንድ የስም ዝርዝር ሾልኮ ወጥቶ፣ ሊያዙ የነበሩ ልጆች ቀድመው የጠፉ ጊዜ ነው። ሦስታችንንም ጸሐፊዎች አንድ በአንድ አስገብተው መረመሩን። እኔን «በዝርዝሩ ላይ ማን ማን ነበር?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። አላውቅም ነበርና ፊቴም፣ ድምፄም፣ እጄም አንድ ሆኑ፤ ለቀቁኝ። ሦስተኛዋ ልጅ ግን ሁለት ስም ትዝ አላት። የተመለሰችው ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ መኪና ፊት ዳግመኛ አልተቀመጠችም። ስለዚህ በእትዬ እልፍነሽ ላይ ሰው ሁሉ እንደሚፈርደው መፍረድ አልችልም። አድነውኛል። ያዳኑኝ ግን በምን ዋጋ እንደሆነ እሳቸውም አልነገሩኝ፤ እኔም አልጠየቅሁ።

ሳሙኤል የጴጥሮስ ታናሽ ወንድም ነው። ከእኛ ጋር ይኖር ነበር፤ ሃያ ዓመት አልሞላውም። ዳቦ ከምጣዱ ሳይወጣ ጫፉን ቆርሶ «አስቱዬ፣ አይጥ በልቶታል» የሚል፣ ቤት ውስጥ በዝግታ መናገር የማያውቅ ልጅ። ቤተ ክርስቲያናችን ከተዘጋ በኋላ በየቤቱ ለሚደረገው ጸሎት መዝሙር የሚገለብጥበት ደብተር ነበረው። በዚያ ደብተር ያዙት። ስለ ጌታ መምጣት የሚናገረውን መዝሙር የምሥጢር ቃል ነው አሉት። የታሰረው ከእኛ ከፍተኛ ውጭ፣ ራቅ ያለ ጣቢያ ነበር፤ ጴጥሮስ ከጋራዥ ሥራው በፊት በየሁለት ቀኑ ማለዳ ምግብ ያደርስለታል።

አንድ ሐሙስ ጴጥሮስ ሰሃኑን እንደ ሞላ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ዘበኛው ከአጥር አውጥቶ የነገረውን ነገረኝ። «ወንድምህ ከሌሎች ጋር ተዛውሯል። ነዋሪነቱ ጉለሌ ስለሆነ ደብዳቤውን የጻፈው የእናንተ ከፍተኛ ነው፤ ማክሰኞ ደርሶን ማክሰኞውኑ ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ እኔ አላየሁም። ከእኔም አልሰማህም።»

ከዚያ ጴጥሮስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ማክሰኞ ምን ጻፍሽ?»

«አላውቅም።»

ዓይኔ ወደ ኮርኒሱ አልሄደም።

በማግስቱ የወጪ ደብዳቤ መዝገቡን ገለጥኩ። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ምሥጢር ደብዳቤ ወጥቷል። ምሥጢር ሲሆን ለማን እንደሚሄድ አይመዘገብም፤ ቁጥሩና የጸሐፊዋ ስም መነሻ ብቻ ነው ያለው። አ.ተ. ይላል። አስቴር ተክሌ። የደብዳቤው ቀሪ ቅጂ በከፍተኛው ሊቀመንበር ካዝና ተቆልፏል። ካርቦኑን እኔው ራሴ በቆርቆሮው ውስጥ አቃጥዬዋለሁ፤ ማማሰሌን እንኳ አስታውሳለሁ። ሳሙኤል ዋቅጅራ የሚለውን ስም በነዚህ ጣቶች፣ መነሻውን መትቼ እግሩን ቀጥዬ፣ ጽፌ በሽንኩርትና በምስር አስወጥቼዋለሁ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ስሙን አላየሁትም ወይስ አይቼ ጣልኩት? የሬዲዮው ልጅ ሰው የሚረሳውን ይመርጣል ይላል። እንግዲያውስ መርጬ ነው ማለት ነው? ምላስ የለመደውን ስም፣ ጠዋት ጠዋት ከመኝታው የምቀሰቅስበትን ስም፣ የመረጥኩት እኔ ነኝ?

ጴጥሮስ አልጮኸብኝም። ሦስት ቀን ሲያስብ ቆየና «ጣትሽ ያውቅ ይሆናል» አለ። እትዬ እልፍነሽ ጳውሎስ አካባቢ ባለው ቤታቸው አንዲት አሮጌ የጽሕፈት መኪና ነበረቻቸው። እሑድ ከሰዓት ሄድን። ነገሩን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ልጄ፣ ጣት አያስታውስም። ጣት የሚጽፈው የለመደውን ነው።»

«እማማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትሞክር» አላቸው ጴጥሮስ። «እናቴ ከወለጋ መጥታ በር ላይ ተቀምጣለች። ምን ልበላት?»

ወረቀት አስገቡልኝ። ማስመሪያውንም አመጡልኝ። ጴጥሮስ ትንፋሹ እስኪሰማኝ ድረስ አጠገቤ ቆመ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ዘይት ማለት ጀመርኩ። ጣቶቼ ሄዱ። ቁጥር። ቀን። ጉዳዩ። በመጨረሻም ሳላዛቸው «አብዮታዊት ኢትዮጵያ ወይም ሞት» ብለው ዘጉ። ይህን መፈክር በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኩት እግዚአብሔር ይወቀው፤ እሱ አልጠፋም፤ ዛሬም እንቅልፌ ውስጥ ይመጣል። ዓይኔን ስገልጥ «ለ» ከሚለው ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ተብሎ ተጽፏል።

ጴጥሮስ «ይሄ ነው?» አለኝ።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የቀለለኝ ቃል እሱ ነበር፤ ለጓዶች፣ ለመርማሪ፣ ለማንም። ያን ቀን ግን የባለቤቴን ፊት አይቼ አቃተኝ።

«አዎ» አልኩ። «ትዝ አለኝ።»

እትዬ እልፍነሽ የእኔን ዓይን እያዩ ነበር። ዝም አሉ። ያ ዝምታቸው አሁንም ያናድደኛል። ዓይኔ የት እንደሄደ አይተዋል።

ጴጥሮስ ከጋራዡ ፈቃድ ወስዶ ሄደ። እዚያ ሳሙኤል ዋቅጅራ የሚባል ሰው የሰማም ያየም አልነበረም። ይልቅስ የሚጠይቀው ሰው ራሱ ተጠየቀ። እስረኛ እዚህ መጥቷል ብሎ ማን ነገረህ? ምሥጢር ያወጣው ማነው? አሥራ አንድ ቀን ያዙት። ስሜን አልነገራቸውም። «ረስቻለሁ» አላቸው፤ በረሳው ልክ መቱት። ሲመለስ በግራ ጆሮው አይሰማም ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ አልሰማበትም።

እሱ ታስሮ ሳለ እኔ የወጪ ደብዳቤዎችን ፋይል አገላብጬ ነበር። በዚያ ወር ብቻ ለደብረ ብርሃን ስድስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ስድስቱም ለኅብረት ሱቁ ስለሚመጣ ባቄላ ነው። ጣቴ የለመደውን ነው የጻፈው። ባሌን የባቄላ ደብዳቤ ነው ያሳሰረው።

ነገርኩት። ጥጥ በጆሮው ከትቶ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ስለ ስድስቱ ደብዳቤ፣ ትዝ ሳይለኝ ትዝ አለኝ ስለ ማለቴ፣ ሁሉን ነገርኩት።

«ተይው አስቱ» አለኝ። «እርሺው። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ይቅርታ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። እናቱ ወደ ወለጋ ተመለሱና ልጃቸው የት እንዳለ ሳያውቁ አረፉ። እኛ ልጆች ወለድን፣ አሳደግን፣ ቆርቆሮ ቀየርን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ተከፍቶ ዘመርን። ደግ ባል ነበር። ደግነቱ ራሱ አንዳንዴ ያሳብደኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሰሃን ቢወረውር ምናለበት እል ነበር።

ዝውውር ጠይቄ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ተላክሁ። እዚያ እስከ ጡረታዬ የተማሪ ውጤትና የመሸኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኮምፒውተር መጣ። ወጣቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «እትዬ አስቴር፣ ይሄ እኮ የጻፉትን ሁሉ ያስቀምጥልዎታል፤ ቢያጠፉትም ይመለሳል» ብሎ ሲያሳየኝ ወደ ውጭ ወጥቼ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። ለምን እንደወጣሁ አልነገርኩትም። የጡረታ ወረቀቴ ላይ «ምሥጢር ጠባቂ» የሚል ምስጋና ተጽፎ ነበር። ለማንም አላሳየሁትም።

ጴጥሮስ ከሞተ በኋላ፣ የእሱን የተረፈ መድኃኒት ልመልስ ጳውሎስ ፋርማሲ በር ላይ ስቆም አንድ ሽማግሌ በከዘራ ተደግፎ ሰላም አለኝ። ያኔ ሊቀመንበር የነበረው ሰው ነው። ታስሮ ተፈቷል፤ የልጅ ልጁ ክንዱን ይዛዋለች። በዚያ ዘመን «ጓድ፣ እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግረው።

«አስቴር አይደለሽም? እግዜር ይመስገን፣ በሕይወት አለሽ።»

«አንድ ማክሰኞ የፈረምክበት ደብዳቤ ነበር» አልኩት። «ከጣቢያው የተዛወሩ ልጆች። ወዴት ነበር የላክሃቸው?»

አንተ ማለቴ ልጅቷን አስደነገጣት። እሱን ግን አላስደነገጠውም።

«የቱን ማክሰኞ ልበልሽ? እኔ ስንቱን ፈርሜ። ያለፈ አለፈ እህቴ፤ ሁላችንም ብንረሳው ነው የሚሻለው። አንቺስ ብትሆኚ ጽፈሽው የለ?»

ሁሉ ሰው የዚህን ሰው ምክር ነው የሚሰጠኝ። እሱ ግን ማንም መርሳት ሳያስተምረው፣ ማስመሪያ ሳይዝ፣ ሽንኩርት ሳይቆጥር ረሳ። ረስቶም ተኝቶ ያድራል። ረስቶም ደህና ሽማግሌ ሆነ። ልጅቷ «አባባ፣ እንሂድ» ብላ ስትስበው፣ ከዘራውን ቀምቼ እሰብረው ዘንድ እጄ ተነሥቶ ነበር። አልሰበርኩትም። «አዎ፣ ጽፌዋለሁ» አልኩት ብቻ። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዳንድ ስም ይመጣብኛል። ሰሃን ሳጥብ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ በስብከት መሀል። ሙሉ ስም ነው፤ ከነአባቱ፤ አንዳንዱም ከነቀበሌው። ሠላሳ ዓመት የገፋሁት የት ተቀምጦ እንደቆየ አላውቅም። የሳሙኤል ደብዳቤ የሄደበት ቦታ ግን አይመጣም። ስጠብቀው ደብረ ብርሃን እያለ ይመጣል፤ ውሸት መሆኑን ስለማውቅ እተወዋለሁ።

የመጀመሪያውን ስም ባገኘሁ ጊዜ ቤቱን አጠያይቄ ወደ እንጦጦ መውጫ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ የልጁ እኅት ናቸው፤ እኩያዬ ይሆናሉ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው በቁማቸው ሰሙኝ።

«ዛሬ ነው የሚነገረኝ?» አሉኝ።

«ዛሬ ነው» አልኩ።

«ወዴት ነው የወሰዱት?»

ፊታቸው የጴጥሮስ ፊት ነበር። አንድ የከተማ ስም ብነግራቸው ደስ እንደሚላቸው አየሁ።

«አላውቅም እትዬ። በዝርዝሩ ላይ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ቦታውን አላውቅም።»

በሩን ዘጉብኝ። ትንሽ ቆይተው መልሰው ከፈቱትና «ግቢ፤ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉኝ።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። ስም ሲመጣልኝ ያኔውኑ በደብተር እጽፈዋለሁ፣ ቤቱን ፈልጌ እሄዳለሁ፣ ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ እናገራለሁ፤ የማላውቀውን ሲጠይቁኝም አላውቅም እላለሁ።